የአርሰናል የዓመቱ ምርጥ ማን ይሆናል? ተጫዋቹን ሳይሆን መራጩን እዩ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግንቦት 17 ቀን 2017 ተጠናቋል። አርሰናል ሳውዝሃምፕተንን ከሜዳው ውጪ 2 ለ 1 አሸንፎ በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆኗል። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ዋንጫውን ከወሰደ ቆይቷል። ለመድፈኞቹ ደጋፊ ይህ በተከታታይ ሦስተኛው ሁለተኛነት ነው። ዋንጫ የለም፣ ጭፈራ የለም። ታዲያ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኳስ ማያ ቤቱ፣ ባጃጅ ተራው፣ ቡና የሚጠጣበት ቦታ ሁሉ አሁንም ስለ አርሰናል ነው የሚያወራው። ወሬው ግን ተቀይሯል፤ «የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማን ይባላል?» የሚል ሆኗል።

ክርክሩን ካዳመጣችሁት ሁሉም አንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚሄደው። አንዱ «ራይስ ነው፣ ማድሪድ ላይ ያስቆጠራቸውን አላየህም?» ይላል። ሌላው «ራያ ባይኖር ስንት ነጥብ እናጣ ነበር!» ይላል። ሦስተኛው «ሳካ ሲጎዳ ቡድኑ ምን ሆነ? ምርጥ ማለት እሱ ነው» ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ሦስቱም ግን የሚመልሱት «ማን ምርጥ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የዛሬው ጥያቄ ደግሞ «ማን ይመረጣል?» ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ መራጩ።

የዛሬው ጽሑፌ ሐሳብ ይኸው ነው። ሽልማት ምርጫ ነው። ምርጫን ለመገመት ደግሞ ከእጩው በላይ ድምፅ ሰጪውን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ከያዛችሁ ግምታችሁ ይሻሻላል። ከዚያም በላይ፣ እዚሁ ይፋት ቆላ ውስጥ ስለሚጫወቱ ልጆች አንድ ከባድ ነገር ይገባችኋል። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ፣ የትኛው ሽልማት?

የሽልማት ዓይነት ብዙ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ጸሐፊዎች ማኅበር ሽልማት አለ፤ ጋዜጠኞች ናቸው የሚመርጡት። የተጫዋቾች ማኅበር ሽልማት አለ፤ ራሳቸው ተጫዋቾች ይመርጣሉ። የፕሪሚየር ሊጉም የራሱ አለው። እያንዳንዱ ክለብ ደግሞ የውስጡን ኮከብ ይመርጣል። የአርሰናል የዓመቱ ምርጥ የሚወሰነው በደጋፊ ድምፅ ነው። አርቴታ አይመርጥም፤ የቴክኒክ ኮሚቴም ተቀምጦ ነጥብ አይሰጥም።

አንዳንድ ዓመት ይህ ልዩነት ትርጉም የለውም። ሊቨርፑልን እዩ። መሐመድ ሳላህ በሊጉ 29 ግብ አስቆጥሮ 18 ኳስ ለግብ አመቻችቷል። ጋዜጠኛውም መረጠው፣ ሊጉም ሸለመው። እንዲህ ያለ ዓመት ላይ መገመት ሥራ አይደለም፤ ማንም ሕፃን ይነግራችኋል።

አርሰናል ግን ዘንድሮ እንዲህ ያለ ሰው የለውም። በሊጉ 10 ግብ የደረሰ አንድም ተጫዋች አልነበረውም። ካይ ሃቨርትዝ 9 አስቆጥሮ የቡድኑ ከፍተኛ ሆኗል፤ እሱም ቢሆን የካቲት ላይ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ወጥቷል። ቁጥር ብቻውን መልስ በማይሰጥበት ዓመት ነው መራጩን ማጥናት የሚያስፈልገው።

የ14 ዓመት ማስረጃ

ያለፉትን ውጤቶች እናስታውስ። የውድድር ዘመኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ2011 ጃክ ዊልሸር፣ በ2012 ሮቢን ቫን ፐርሲ፣ በ2013 ሳንቲ ካዞርላ፣ በ2014 አሮን ራምሲ፣ በ2015 አሌክሲስ ሳንቼዝ፣ በ2016 ሜሱት ኦዚል፣ በ2017 እንደገና ሳንቼዝ፣ በ2018 እንደገና ራምሲ፣ በ2019 አሌክሳንደር ላካዜት፣ በ2020 ኦባሚያንግ፣ በ2021 እና በ2022 ቡካዮ ሳካ፣ በ2023 እና በ2024 ማርቲን ኦዴጋርድ።

አሁን ዝርዝሩን እንደ መረጃ እንየው። በ14 ዓመት ውስጥ አንድም ተከላካይ የለም። አንድም ግብ ጠባቂ የለም። ሁሉም አማካይ ወይም አጥቂ ናቸው። ኮሺየልኒን የመሰለ ተከላካይ ለዓመታት የኋላውን ክፍል ሲያቆም ኖሮ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። መራጩ ምን እንደሚያይ የመጀመሪያው ፍንጭ ይህ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ፣ ብዙ ግብ ያስቆጠረ ሁልጊዜ አይመረጥም። በ2018/19 ኦባሚያንግ በሊጉ 22 ግብ አስቆጥሮ ከሳላህና ከማኔ ጋር የወርቅ ጫማውን ተጋርቷል። ላካዜት ያስቆጠረው 13 ነበር። ደጋፊው ግን የመረጠው ላካዜትን ነው። ለምን? ላካዜት ኳስ ሲይዝ፣ ሲታገል፣ ሲሮጥ፣ ለሌላው ሲያመቻች በየጨዋታው ይታያል። ኦባሚያንግ ደግሞ በዚያው ዓመት ከቶተንሃም ጋር በተደረገው ጨዋታ መጨረሻ ደቂቃ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ስቷል። ደርቢ ላይ የሳቱትን ደጋፊ በቀላሉ አይረሳም። በ2023/24ም ሳካ በሊጉ 16 ግብ አስቆጥሮ እያለ 8 ያስቆጠረው ኦዴጋርድ ተመርጧል።

ሦስተኛው ፍንጭ ራምሲ ነው፤ የ2013/14ቱ። ያ ልጅ በገና ሰሞን ተጎድቶ እስከ ሚያዝያ ድረስ አልተጫወተም። የወቅቱን ሰፊ ክፍል አጥቷል ማለት ነው። ግን መጀመሪያው ላይ ግብ በግብ ሆኖ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ሃል ሲቲ ላይ በተጨማሪ ሰዓት የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ። አርሰናል ለዘጠኝ ዓመት ዋንጫ ሳያነሳ ቆይቶ ነበር። ያቺን ግብ ያየ ደጋፊ «ራምሲ ጥርና የካቲት ላይ የት ነበር?» ብሎ አይጠይቅም።

የማሾ ነጋዴ ዘዴ

ይህን ነገር ለአካባቢያችን ልጅ ለማስረዳት ከማሾ የተሻለ ምሳሌ የለም። ማሾ የቀወትና የአካባቢው ገበሬ የገንዘብ ሰብል ነው። ገበሬው ጆንያውን ገበያ ሲያወርድ ከላይ ያለው ፍሬ ሁልጊዜ ያምራል። ልምድ ያለው ነጋዴ ግን ከላይ ያለውን አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ከመሃልም ከታችም ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ በትኖ፣ ጠጠሩንና የተሸበሸበውን ለይቶ ነው «ጋሼ፣ በዚህ ልውሰደው» የሚለው። ሳይንሱ ናሙና ይለዋል።

የእግር ኳስ መራጭ እንደዚያ ነጋዴ አይደለም። ከላይ ያለውን ነው የሚያየው። ከላይ ያለው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ በቅርብ የሆነው፣ እና ስሜት ነክቶ ያለፈው። ነሐሴ ላይ የተደረገ ጥሩ ጨዋታ ከጆንያው ሥር ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተደረገው ከአፉ ላይ ነው። ይህ ደጋፊን መስደብ አይደለም፤ የሰው አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። የ50 ጨዋታ ማስታወሻ ይዞ የሚዞር ማንም የለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ እጩ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ነበረ ወይ? ማለትም በቂ ደቂቃ ተጫውቷል? ሁለተኛ፣ ሥራው በዓይን ይታያል? ሦስተኛ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስታውሳት አንዲት ምሽት አለችው? ሦስቱንም «አዎ» ያለ ይመረጣል። ሁለቱን ያለ ይወዳደራል። አንዱን ብቻ ያለ፣ በቃ፣ ጭብጨባ ያገኛል።

እጩዎቹ በሦስቱ ጥያቄዎች

*ቡካዮ ሳካ።* ችሎታው ላይ ክርክር የለም። ግን ታኅሣሥ 12 ቀን ክሪስታል ፓላስ ላይ ተጎድቶ የተመለሰው መጋቢት 23 ቀን ከፉልሃም ጋር ነው። ከሦስት ወር በላይ ማለት ነው። ተቀይሮ ገብቶ በዚያው ጨዋታ ማስቆጠሩ ውብ ታሪክ ነው። በርናባው ላይም አስቆጥሯል፤ ፓሪስ ላይም አስቆጥሯል። በርናባው ላይ ግን ፍፁም ቅጣት ምት ስቷል። ከዚህም ሌላ ሳካ ሽልማቱን ሁለት ጊዜ ወስዷል፤ ደጋፊው «አሁንስ ለሌላ» የሚል ስሜት አለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ራምሲ ተጎድቶም አሸንፏል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ራምሲ ግን የፍጻሜ ግብና ዋንጫ ነበረው። ሳካ ዘንድሮ ዋንጫ የለውም።

*ዴቪድ ራያ።* ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እጩ እሱ ነው። በሊጉ 13 ጨዋታ ግብ ሳይቆጠርበት ወጥቶ የወርቅ ጓንቱን ከኖቲንግሃም ፎረስቱ ማትስ ሴልስ ጋር ተጋርቷል። መስከረም ላይ ከአታላንታ ጋር ፍፁም ቅጣት ምት አድኖ፣ ተመልሶ የተመታውንም ደግሞ አድኗል። ታዲያ ለምን አይመረጥም? መልሱ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ አለ። ዴቪድ ደ ኽያ የዩናይትድን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት አራት ጊዜ ወስዷል፤ በ2014፣ በ2015፣ በ2016 እና በ2018። ከፊቱ ያለው ተከላካይ ክፍል ስለሚያፈስ ደጋፊው በየሳምንቱ ሲያድን ያየዋል። ራያ ደግሞ የሚጫወተው ከሳሊባና ከገብርኤል ኋላ ነው። አርሰናል በሊጉ የተቆጠረበት 34 ግብ ብቻ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ። ኳስ ካልመጣበት ምን ያድናል? የቡድኑ ጥንካሬ የግብ ጠባቂውን ሥራ ይደብቀዋል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ቢሆን «በደንብ የተጠበቀ ቤት ዘበኛውን ሰው አያመሰግነውም» ብዬ በገለጽኩት ነበር።

*ገብርኤል ማጋልሄስ።* ከማዕዘን ምት የሚያስቆጥር ተከላካይ ስለሆነ ሥራው ከሌሎች ተከላካዮች ይልቅ ይታያል። ግን ፉልሃም ላይ፣ ሳካ በተመለሰበት በዚያው ጨዋታ፣ ተጎድቶ የወቅቱን ቀሪ ክፍል አጥቷል። ማድሪድ ላይ አልነበረም፤ ፓሪስ ላይም አልነበረም። ከጆንያው አፍ ላይ የለም ማለት ነው።

*ሚኬል ሜሪኖ።* አማካይ ሆኖ ተገዝቶ አጥቂዎቹ ሁሉ ሲጎዱ አጥቂ የሆነ ልጅ። የካቲት ላይ ሌስተር ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አስቆጠረ። የማድሪዷም ሦስተኛ ግብ የእሱ ናት። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን የወቅቱን የመጀመሪያ ግማሽ የሚያስታውስለት ሰው ጥቂት ነው።

*ማርቲን ኦዴጋርድ።* ሁለት ዓመት በተከታታይ ወስዷል። መስከረም ላይ ለኖርዌይ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ሳምንታት አጥቷል፤ ከተመለሰ በኋላም እንደ አምናው አልሆነም። ሳውዝሃምፕተን ላይ የመጨረሻውን የማሸነፊያ ግብ ማስቆጠሩ ይህን አይቀይረውም።

*ዴክላን ራይስ።* ነበረ ወይ? አዎ፣ ከወቅቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው። ሥራው ይታያል ወይ? አዎ፤ ወደፊት ተጠግቶ በግራ አማካይነት ሲጫወት ኳስ ይነጥቃል፣ ይዞ ይሮጣል፣ ማዕዘን ምት ይመታል። ምሽትስ አለችው? ኧረ ይሄስ ጥያቄም አይደለም! መጋቢት 30፣ ኤሚሬትስ፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር። በ58ኛውና በ70ኛው ደቂቃ ሁለት ቅጣት ምት በቀጥታ መረብ ውስጥ። ከዚያ በፊት በሙያ ዘመኑ ከቅጣት ምት በቀጥታ አስቆጥሮ አያውቅም ነበር። በቻምፒየንስ ሊግ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሁለት ቀጥተኛ ቅጣት ምት ያስቆጠረ የመጀመሪያው ተጫዋችም ሆኗል። አርሰናል በዚያ ዙር አልፎ ከ2009 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል።

በራይስ ላይ የሚነሳ ነገር የለም ወይ? አለ። ነሐሴ ላይ ከብራይተን ጋር ኳሷን ነካ አድርጎ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ በቀይ ወጣ፤ ቡድኑ ሁለት ነጥብ ጣለ። በዓመቱ መጨረሻ 14 አቻ የወጣ ቡድን ውስጥ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ነሐሴ የት ነው ያልነው? ከጆንያው ሥር።

ግምቴ በቁጥር

«ራይስ ይመስለኛል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግምት ግን ቁጥር ሲኖረው ነው የሚጠየቅበት። እኔ ራይስ የመመረጥ ዕድሉን ከ100 ወደ 70 አደርገዋለሁ። ራያን 12፣ ሳካን 8፣ የቀሩትን ሁሉ በአንድ ላይ 10። ይህ የኔ ሚዛን ነው፤ ከላይ ካሉት ሦስት ጥያቄዎችና ከ14ቱ ዓመት ዝርዝር የወጣ። ለምን 90 አላልኩም? ዋንጫ በሌለበት ዓመት ደጋፊ ተበሳጭቶ ለግብ ጠባቂ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ሦስት ዓመት ሁለተኛ የሆነ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ይህ ግምት ወደ ቤቲንግ ቤት ከሄደ

አሁን ብዙዎቻችሁ የምታስቡትን አውቃለሁ። «ታዲያ 70 ከሆነ ትኬት ልቁረጥበት!» ቆይ፣ መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ።

እንበልና ለራይስ የተሰጠው ኦድ 1.30 ነው። 100 ብር ብታስይዙና ብታሸንፉ 130 ብር ትቀበላላችሁ፤ ትርፉ 30 ብር። እንዲህ ያለ ትኬት አሥር ጊዜ ቆረጣችሁ እንበል። ሰባቱን ብታሸንፉ 210 ብር ታተርፋላችሁ፤ ሦስቱን ስትሸነፉ 300 ብር ትከፍላላችሁ። ከአሥር ሰባት ጊዜ ልክ ሆናችሁ 90 ብር ከስራችኋል! ኪሳራ ላለማየት ከአሥር ወደ ስምንት ጊዜ ልክ መሆን አለባችሁ። ከአሥሩ ውስጥ ስምንቱን ብትመቱ በ1,000 ብር ውርርድ የምታገኙት 40 ብር ነው።

ቤቱስ? ቤቱ ማን እንደሚመረጥ ማወቅ አያስፈልገውም። ለራይስ 1.30፣ ለራያ 6፣ ለሳካ 9፣ ለሌላው 15 ቢሰጥ፣ እያንዳንዱን ኦድ ወደ ዕድል ስትቀይሩት ድምሩ ከ100 አልፎ ወደ 111 ይደርሳል። ያ ትርፍ 11 የቤቱ ቀለብ ነው። ማንም ያሸንፍ ማን ሒሳቡ ወደ ቤቱ ያዘነብላል። የአንድ ቀን የሽንኩርት ለቀማ ደመወዝ ይዞ ለሚገባ ልጅ ይህ ሒሳብ ቀልድ አይደለም። ኳስ አዋቂ መሆንና ከኦድ በላይ አዋቂ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግምቱን ጓደኛ ጋር ተከራከሩበት፤ ነጻ ነው፣ ደስታውም ያው ነው።

ማን ነው የሚመርጠው?

መራጩን እዩ ብዬ ጀምሬያለሁ፤ መራጩ ታዲያ ማን ነው? ድምፁ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ስልክ ያለው፣ ኔትወርክ ያለው፣ ዳታ የሞላ ሰው ነው የሚመርጠው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናንተም አትረሱትም። የ2023/24ን የውድድር ዘመን ብዙው የአካባቢያችን ደጋፊ በስልኩ ሳይሆን በጆሮው ነው የተከታተለው። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፤ በጸጥታው ምክንያት በጊዜ ቤቱ የሚገባ ልጅ ጨዋታውን ከጓደኛው አፍ ነው የሚሰማው። እንዲህ ያለው ደጋፊ አርሰናልን ከለንደኑ ባልተናነሰ ይወዳል፤ ድምፁ ግን አይቆጠርም።

ያልታየ አይመረጥም፤ ያልተገናኘም አይመርጥም። ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው።

እዚህ ቤትስ?

በአገራችን የታየ ተጫዋች ምን እንደሚሆን አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2013 የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ በቀጥታ ተላለፈ። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ግን 29 ግብ አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ ለ20 ዓመት ይዞት የነበረውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ በኋላ የዓመቱ ኮከብ ማን ነው ብሎ የሚከራከር አልነበረም። በ2014 መጨረሻ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ችሎታው የራሱ ነው፤ ግን ሌላም ነገር ረድቶታል። እያንዳንዷ ግብ ተቀርጻለች፣ ተቆጥራለች፣ የትም ያለ ሰው ሊያያት ችሏል። ዮርዳኖስ በ1993 ሲያስቆጥር ስንቱ ነው ያየው?

አሁን ወደ ሮቢ ወንዝ ዳር እንውረድ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ፣ ከጀውሃ እስከ አጣዬና ካራቆሬ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል አቧራው ላይ የሚጫወተው ልጅ ብዛት ይታወቃል። ክረምት ላይ የየሰፈሩ ውድድር ሲደረግ በመጨረሻው ቀን «ኮከብ ተጫዋች» ይባላል፤ ዋንጫ ወይም ማሊያ ይሰጠዋል። እኔ ያየኋቸው ምርጫዎች እንዴት ይካሄዳሉ? ኮሚቴው በፍጻሜው ጨዋታ መሃል ተጠራርቶ ያስታወሰውን ይሰይማል። ያስታወሰው ደግሞ ፍጻሜውን የተጫወተውን ነው። ምድብ ድልድል ላይ የወጣው ቡድን ውስጥ የነበረ ጎበዝ የመሃል ተከላካይ ስሙም አይነሳ። የአርሰናል መራጭ ስህተት ቢሠራ ራይስም ራያም ሀብታም ሆነው ይኖራሉ። እዚህ ስህተት ሲሠራ ግን አንድ ልጅ ወደ ከፍተኛ ክለብ የሚወስደውን ብቸኛ ወረቀት ያጣል።

ይህ ቆላ በ2013 እና በ2014 ምን እንዳሳለፈ ለማንም አይነገርም። ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ተፈናቅሏል፣ ከዚያም በኋላ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልረጋም። ውድድር ይጀመራል፣ ይቋረጣል። ቡድን ይሰበሰባል፣ ይበተናል። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ታዳጊ ሦስት ዓመት ያለ አንዳች መዝገብ ያልፋል። 15 ዓመቱ ላይ ድንቅ የነበረ ልጅ 18 ሲሞላው «ጎበዝ ነበርኩ» ከማለት ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውም። መልማይ ደግሞ «ነበርኩ» በሚል አያምንም።

መፍትሔው ግን እንደምታስቡት ውድ አይደለም። ካሜራ ክሬን አያስፈልግም፤ ስታዲየምም አያስፈልግም። አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይበቃል። በየጨዋታው አንድ ሰው፣ በተለይ ተጎድቶ የማይጫወት ልጅ፣ አምስት ነገር ይመዝግብ፤ ማን ተሰለፈ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን አስቆጠረ፣ ማን አመቻቸ፣ በግብ ጠባቂው ስንት ተቆጠረበት። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱም አምበሎች ከተቃራኒ ቡድን አንድ ምርጥ ይሰይሙ። የራሳቸውን ሳይሆን የተቃራኒውን፤ ምክንያቱም ማን እንዳስቸገረህ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ለጓደኛ የማድላቱ ነገርም ይቀንሳል። ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ። ኔትወርክ ከሌለ ሲመጣ ይላካል፤ ደብተሩ የትም አይሄድም።

በክረምቱ መጨረሻ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከማስታወስ ይልቅ ደብተሩን ይገልጣል። ያኔ ተከላካዩም ግብ ጠባቂውም ስም ይኖራቸዋል። ከማሾው ጆንያ መሃል ተዘገነ ማለት ነው። ልጁም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ለሙከራ ሲሄድ «ሁለት ክረምት፣ ይህን ያህል ጨዋታ፣ ይህን ያህል ደቂቃ» ብሎ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

የአርሰናሉን ምርጫ በቅርቡ እናውቃለን፤ ሚዛኔን በቁጥር አስቀምጫለሁ፣ ራይስ 70 ብያለሁ። የእናንተን ግምት ከነቁጥሩና ከነምክንያቱ ከታች ጻፉልኝ፤ «ይመስለኛል» ብቻ አይበቃም። ክረምቱም እየመጣ ነው፤ የሰፈራችሁ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ደብተሩን ማን እንደሚይዝ ከአሁኑ ተነጋገሩ።